አጋር ሲበዛ ፊውዝ ማን ይግዛ?

በስቴም ማዕከላት ዙሪያ የምንሠራ ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታችን አጭር ነው። «ያ ነገር መጣላችሁ?» ይላል አንዱ። «የቱ?» «ያ በቃለ ጉባኤ የተያዘው።» «ኧረ ተወኝ ወንድሜ!» ከዚያ ሻይ እናዛለን። ያ ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ዘንድሮ የላብራቶሪ ገመድ ነው፣ አምና የልጆች ትራንስፖርት ነበር፣ ካቻምና ደግሞ ለቅዳሜ የሚመደብ ቴክኒሺያን። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ አለመምጣቱ አንድ ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብን ጠቅልሎ ስቴም የሚባለው ትምህርት እኛ አገር በአብዛኛው የሚሰጠው በትስስር ነው። ዩኒቨርሲቲው ክፍልና መምህር ይሰጣል። በጎ አድራጊው ድርጅት ዕቃ ያስገባል። ትምህርት ቢሮውና ወረዳው ልጆቹን ይመለምላሉ። ትምህርት ቤቶች ልጆቹን ይልካሉ፤ ከልጆቹ ጋርም እንደ እኔ ያለውን፣ «ፎካል ፐርሰን» የሚል ማዕረግ የተሰጠውን የፊዚክስ መምህር ይልካሉ። ቢሾፍቱ ላይ ቀደም ብሎ የተሞከረው አሠራር ዛሬ በየክልሉ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይታያል። ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜና ክረምት ላይ እየመጡ በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሉን ብቻ ያዩትን ነገር በእጃቸው ይነካሉ። በሐሳቡ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። በልጆቹማ ጭራሽ።

እሮሮዬ ከፊርማው ይጀምራል። የመግባቢያ ሰነዳችንን ያነበበ ሰው ማዕከሉ ከእንግዲህ ምንም አይጎድልበትም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የየአጋሩ ድርሻ በየአንቀጹ ተቀምጧል። ድርጅቱ ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒውተር፣ ስሪዲ ፕሪንተርና የኤሌክትሮኒክስ ኪት ያቀርባል። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ክፍል ይለቃል። ቢሮው «አስፈላጊውን ትብብር ያደርጋል»። ከነዚህ ቀጥሎ «የጋራ ኃላፊነቶች» የሚል አንቀጽ አለ፤ ረጅሙም እሱ ነው። ጥገና እዚያ ውስጥ ነው። አላቂ ዕቃ እዚያ ነው። የልጆች ትራንስፖርት፣ የቅዳሜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የኬሚካል አወጋገድ፣ የቁልፍ አያያዝ ሳይቀር እዚያ ገብቷል። አንድ ጉዳይ የጋራ ሆነ ማለት ምን እንደሚከተለው ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የተቃጠለ አምፖል ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

በእጄ ያለፈውን ልንገራችሁ። መልቲሜትር ሆዷ ውስጥ ፀጉር የምታህል ሽቦ የተዘረጋባት የመስታወት ፊውዝ አለቻት። የኤሌክትሪክ ፍሰት መለካት የሚጀምር ልጅ መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት የትም አገር አንድ ነው። መለኪያዋን ከመስመሩ ጋር በተከታታይ መሰካት ሲገባው በቀጥታ የባትሪው ጫፎች ላይ ያገናኛታል። ፊውዟ ቱግ ብላ ትቃጠላለች። የተሠራችውም ለዚሁ ነው፤ መለኪያዋ እንዳትነድ እሷ ትቃጠላለች። ልጁም ከዚያ ቀን በኋላ አሚሜትር ከባትሪ ጋር በትይዩ እንደማይገናኝ ዕድሜ ልኩን አይረሳም። በጥቁር ሰሌዳ አንድ ሳምንት ብለፈልፍ የማላስጨብጠውን በአንድ ሰከንድ ታስጨብጠዋለች። ስለዚህ ፊውዝ በመቃጠሉ ከቶ አልከፋም። የሚከፋኝ ሌላ ለመግዛት ሲታሰብ ነው።

ፊውዝ አላቂ ዕቃ ናት፣ አላቂ ዕቃ ደግሞ የጋራ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ስንጠይቅ «መለኪያውን ያመጣው ድርጅቱ ነው፤ መለዋወጫውንም እሱ ያምጣ» አሉን። ድርጅቱን ስንጠይቅ «በጀታችን የጸደቀው ለቋሚ ዕቃ ብቻ ስለሆነ የማስኬጃ ወጪ በአስተናጋጁ ተቋም ይሸፈናል» የሚል፣ ትሕትና የሞላበት ኢሜይል መጣ። ወረዳው «በዘንድሮ ዕቅድ አልተያዘም» አለ። ርዕሰ መምህራችን ገና ስጀምር እጃቸውን አነሱ፤ «መምህር፣ የፈተና ወረቀት ማባዣ ቀለም ያጣሁ ሰውዬ ፊውዝ ትለኛለህ?» በስንት ምልልስ አንድ ደግ የፋይናንስ ሰው ተገኘና እፈቅዳለሁ አለን፤ ሦስት ፕሮፎርማ ካመጣችሁ። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ለማታወጣ ፊውዝ፣ ማህተም ያረፈበት፣ ሦስት ፕሮፎርማ! መርካቶ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጭ ጥያቄዬን ሲሰማ የምቀልድበት መስሎት ሳቀ። እሱ እንኳን ፕሮፎርማ ደረሰኝም አልነበረው።

በኪሳችን ገዛን። በየማዕከሉ የሚሠራ መምህር ሁሉ ይህችን አባባል በቃሉ ይዟታል። ሶልደሩ በኪሳችን፣ ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪው በኪሳችን፣ ማጣበቂያው በኪሳችን፣ ቁርስ ሳይበላ ለመጣ ልጅ ሻይና ፓስቲው በኪሳችን። የዚህ ትስስር ታማኝ አጋር የመምህሩ ኪስ ነው፤ ሰነዱ ላይ ግን አልፈረመም፣ ባነሩ ላይም ሎጎው የለም።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ወግ ደግሞ ለብቻው ነው። ዕርዳታ ሆኖ የመጣ ዕቃ በትልቅ ሥነ ሥርዓት ርክክብ ይደረግበታል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ኃላፊዎች ማይክሮስኮፕ ውስጥ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ (መብራቱ ባይበራም)። በማግሥቱ ዕቃው በሙሉ ወደ ግምጃ ቤት ይገባና ይቆለፍበታል። ምክንያቱ ሞዴል 19 ነው። የንብረት ገቢ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት አንድም ዕቃ ለሥራ አይወጣም። ደረሰኙ እንዳይቆረጥ ደግሞ ዕቃው በዕርዳታ ስለመጣ ዋጋ አልተጻፈበትም፤ ዋጋ የሌለው ዕቃ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ዋጋውን የሚጽፍልን ድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ደግሞ ሰነዱን ከዋናው መሥሪያ ቤት እያስመጣ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣ ነገር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ዋናው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

የግምጃ ቤቷን እትዬ ለምኛቸው ነበር። «እትዬ፣ እባክዎ ፒኤች ሜትሩን ብቻ ያውጡልኝ፤ አይቼ እመልሳለሁ።»

«መምህር፣ እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ? ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ዕቃ ከዚህ በር ወጥቶ ነገ ኦዲት ሲመጣ አንተ ትጠየቅልኛለህ? ልጆች አሉኝ እኮ።»

እውነታቸውን ነው። ከሁላችንም ቃላቸውን ጠብቀው የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጣጣው ቃላቸው ከማዕከሉ ቃል ጋር መጋጨቱ ነው። ለምን ፒኤች ሜትሩን ብቻ እንደለመንኩ ልንገራችሁ። የዚህ መሣሪያ ዘንግ ጫፉ ላይ ያለችው የመስታወት እንቡጥ መድረቅ የለባትም። በፖታሺየም ክሎራይድ ሙሙት ውስጥ እንደተነከረች መቀመጥ አለባት፤ መያዣ ክዳኗ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲያልቅ መተካት አለበት። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው በሩን ሳይከፍቱ ምን ያደርጋሉ? ወራት አለፉ። ዕቃው በመጨረሻ ሲወጣ ክዳኑ ውስጥ ነጭ የጨው ዱቄት ብቻ ነበር። ልጆቹ ፊት ሞከርነው፤ መሣሪያው የሎሚ ጭማቂንና የቧንቧ ውኃን በአንድ ቁጥር ለክቶ አሳየን። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ውኃው አሲድ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? በዓመቱ ሪፖርት ላይ መሣሪያው «የተሠራጨና በአገልግሎት ላይ ያለ» ተብሎ ተቆጥሯል።

ይህ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፕላዝማዎች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የሳተላይት ትምህርቱ ሲጀመር ስንት ተባለለት። የሚገዛው ታወቀ፣ የሚሰቅለው ታወቀ፣ የሚያስተላልፈው ታወቀ፤ መብራት መጥቶ ሄዶ አንዱ ሲቃጠል ግን የሚጠግነው አልታወቀም። እኔ የማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ የብረት ሳጥኑ አሁንም ተቆልፎ አለ። የስሪዲ ፕሪንተራችንም ወደዚያው እያመራ ነው። የሚያትምበት የፕላስቲክ ክር እርጥበት ሲጠጣ ይሰባበራል፤ የቀለጠውን ፕላስቲክ የምትተፋው አፉ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን የማትሞላ ቀዳዳ ናት፤ አንዴ ከተደፈነች አለቀላት። አዲስ ክር ማን ይገዛል? የጋራ።

ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ስንመጣ ደግሞ እዚያ ጋ ነው መከራው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ትምህርት ቤት መስከረም ይጀምራል። አንዱ ለጋሽ ዓመቱን የሚቆጥረው ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ ነው፤ ሌላው ከኦክቶበር 1፣ ማለትም እኛ መስከረም 21 ከምንለው። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ የትምህርት ዘመናቸው ከማንኛችንም ጋር አይገጥምም። አራቱም አጋሮች በየራሳቸው ዓመት «በመጀመሪያው ሩብ ዓመት» ለመሥራት ቃል ይገባሉ፤ አራት የመጀመሪያ ሩብ ዓመት አለን ማለት ነው። መስከረም ላይ ልጆቹ ሲጓጉ የቢሮው በጀት አልተለቀቀም። በጀቱ ተለቆ ደብዳቤው እስኪዞር የድርጅቱ ዓመት ይዘጋል። የድርጅቱ አዲስ ዓመት ሲከፈት ዩኒቨርሲቲው ፈተና ላይ ነው። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ሰኔ ሲመጣ ዓመቱን ሙሉ ያልነበረ ብር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይመጣና ሰኔ 30 ሳይሞላ ማለቅ አለበት። ስልጠናው ሰኔ ነው። ወርክሾፑ ሰኔ ነው። የልምድ ልውውጡ ሰኔ ነው። ሰኔ ደግሞ መምህር የሚባል ፍጡር ፈተና የሚያወጣበት፣ የሚያርምበት፣ ማርክ የሚደምርበትና ሮስተር የሚሠራበት ወር ነው። በዓመት አንድ ወር ጊዜ የለኝም፤ ትስስሩ ያቺን ወር መርጦ ይጠራኛል።

ስብሰባው ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የክብር እንግዳው ሁለት ሰዓት አርፍደው ይመጡና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ፤ ቀጣዩ ተናጋሪ ይህ እንደተያዘበት ሲያይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ከዚያ የመጀመሪያው ስላይድ ይመጣል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። አዳራሹ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እኔንም በመጀመሪያው ዓመት አስደንግጦኛል። አሁን ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። ስላይዱን የሚያሳየው ሰው ሁሉ ሌላውን አጋር እያየ ነው የሚያሳየው። ዩኒቨርሲቲው «የሚመጡልን ልጆች ከታች አልተሠሩም» ሲል ወደ እኛ ያያል፤ እኛ «መምህሩን አሠልጥናችሁ የላካችሁልን እናንተ ናችሁ» ስንል ወደ እሱ እናያለን፤ ቢሮው ሁለታችንንም ያያል፤ ድርጅቱ ማስታወሻ ይይዛል።

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግቡ ሲባል የቆየውም እንዲሁ ነበር። ሰባ በመቶውን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ተገነባ። እነዚያ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ የሚነኩት ቢከር፣ የሚያቃጥሉት የማግኒዥየም ቁራጭ ግን የማን ድርሻ እንደሆነ የጻፈ የለም። ቲትሬሽንን በጥቁር ሰሌዳ ያስተማርኳቸው ልጆች የኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተመራቂ ሆነዋል። እግዜር ይባርካቸው፤ ቢዩሬት መጀመሪያ ያዩት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው።

ተወካይ ነገር ደግሞ አለ። በየስብሰባው አዲስ ሰው ይመጣል። «እኔ እንኳን ተወክዬ ነው የመጣሁት፤ ጉዳዩን አላውቀውም፤ ለሚመለከተው አደርሳለሁ» ይላል። ባለፈው የመጣውም እንዲሁ ብሎ ነበር። የሚመለከተው የሚባለውን ሰው እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በዚህ ላይ መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ይለዋወጣሉ። በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴርም መጣ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ከፍተኛ ትምህርቱ ተመልሶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ገባ፤ ቴክኒክና ሙያው ወደ ሥራና ክህሎት ሄደ። ላይ እንዲህ ሲሆን ክልልና ዞንም ይከተላል። ለለውጡ ምክንያት ይኖረዋል፣ አልከራከርም። እኛ ታች ያለነው ግን በዚያ ሁሉ መሃል ስሙ የቀረ መሥሪያ ቤት ማህተም ያረፈበት ሰነድ ይዘን «ቃል ገብታችሁልን ነበር» ስንል የሚሰማን «የትኛው ክፍል ነው?» የሚል ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት ይሠራዋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አሜሪካኖች አንድ የሞከሩት አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር በአሥር ዓመት ውስጥ 100,000 አዳዲስ የስቴም መምህራን እንዲዘጋጁ ጠየቁ። በዚያው ዓመት «ሀንድረድ ኬ ኢን ቴን» የተባለ ትስስር ተመሠረተ፤ ከጊዜ በኋላ አጋሮቹ ከ300 በላይ ሆኑ፤ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሙዚየም አለ፣ ኩባንያ አለ፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። የሚገባው ተቋም ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ራሱ በስሙ ጽፎ ያቀርባል። እኔ ይህን ያህል መምህር አሠለጥናለሁ ያለ ያንን ያህል ስለማሠልጠኑ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግባቸውን ማለፋቸውን አስታወቁ፤ አሁን ስማቸውን ቀይረው እስከ 2032 ሌላ 150,000 ብለዋል። ገንዘብ ስላላቸው ነው ትሉኛላችሁ፤ አዎ፣ ገንዘብ አላቸው። በራስ ስም ፊት ቁጥርና ቀን መጻፍ ግን ብር አይጠይቅም። እኛ ቤት ይህን ሐሳብ ሳነሣ አንድ ኃላፊ «እንዲህ ከተጻፈማ ማን ይፈርማል?» አሉ። ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ቅንነት የነበረበት ይህ ነው።

ስለ ሴት ልጆቹ ካልተናገርኩ ደግሞ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ሰነዳችን ግማሹ ተሳታፊ ሴቶች እንዲሆኑ ይላል፤ ሁሉም አጋር በደስታ የፈረመበት አንቀጽ ይህ ነው። ልጆቹም ይመጣሉ፤ ጎበዞች ናቸው። ማዕከሉ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ መንገድ አለ፣ በክረምት ደግሞ ጨለማና ጭቃ። የመጓጓዣው ብር በጋራ ኃላፊነቶች ውስጥ ነው። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ጽዳት ሠራተኛዋ ጋ ነው፤ እሷ ቅዳሜ አትገባም፤ የቅዳሜ ክፍያዋም በጋራ ኃላፊነቶች ውስጥ ነው። እናቶች አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይታገሡና ልጃቸውን ያስቀራሉ። ምን ብዬ ልከራከራቸው? ዓመቱ ሲያልቅ የአፈጻጸም ሪፖርቱ «የሴቶች ተሳትፎ ዝቅተኛ መሆን» የሚለውን ተግዳሮት ይጽፍና መፍትሔው «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ይሆናል። ግንዛቤው የሚሰጠው ለእናቶቹ ነው።

የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፤ ነገር ይፈጥናል ተባለ። ፈጠነም፤ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክትና የሹመት ደስታ መግለጫ በሰከንድ ይደርሳል። «ለቅዳሜ ፕሮጀክተር ማን ያመጣል?» ብዬ ስጽፍ ሰላሳ ምናምን ሰው ያያል፤ አንዱ አውራ ጣት ያደርጋል። አውራ ጣቱ «እኔ አመጣለሁ» ይሁን «ጥሩ ጥያቄ ነው» ይሁን ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚታወቀው። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ የሚጠብቁኝ ጥበቃው ጋሼ ብቻ ናቸው። «ደብዳቤ አለ?» ይላሉ። አለ። «የዛሬ ቀን አለበት?» የባለፈው ሳምንት ነው። «እሱማ አለፈ።» ልጆቹ ከበሩ ውጭ ተሰልፈው እኔ ስልክ እደውላለሁ።

ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ በየትስስሩ ውስጥ የነበሩ ስንቶቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ሰዎቹን አላማርርም፤ እነሱም ሥራቸውን ነው ያጡት። ያናደደኝ የእኛው ሰነድ ነው። «ዘላቂነት» የሚል አንቀጽ ነበረን፤ «ድጋፉ ሲያበቃ አጋር አካላት በጋራ ያስቀጥላሉ» ይላል። ድጋፉ አበቃ። በጋራ ተጠባበቅን። አንዱ «ከላይ አቅጣጫ እንጠብቅ» አለ፤ ሌላው አዲስ ለጋሽ የማፈላለግ ኮሚቴ ይቋቋም አለ፤ ኮሚቴው ተቋቋመ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ለመሆኑ ምን ያህል ብር ነው የምንለው? የአንድ ዓመት ፊውዝ፣ ባትሪ፣ ሶልደር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ የቅዳሜ ክፍያ፣ የልጆቹ ታክሲ፤ ደምሬ አይቼዋለሁ። ሪባን የተቆረጠበት ቀን ለባነር፣ ለአበባ፣ ለምሳና ለውሎ አበል የወጣው ቢሰጠን ሁለት ዓመት ያስኬደናል። ይህን በስብሰባ ላይ ተናግሬዋለሁ። «ገንቢ አስተያየት» ተብሎ ተመዘገበልኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ መልእክት ደረሰኝ። «ሳክሰስ ስቶሪ» እስከ ዓርብ ይላክ። ፎቶው ላይ ሴት ተማሪ ትኑር፤ ነጭ ጋውንና የመከላከያ መነጽር ታድርግ፤ የአጋሮቹ ሎጎ ከጀርባ ይታይ። የመከላከያ መነጽሮቹ ካርቶናቸው ሳይከፈት እትዬ ዘንድ ናቸው፤ ሞዴል 19ኙ አልተቆረጠም። የባለፈው ወር የልጆች ትራንስፖርትስ ብዬ መልሼ ጠየቅኩ። «በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝለታል» አሉኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ሐዋሳ ነው፤ አበሉ ተፈቅዷል፣ ሆቴሉም ተይዟል። ቀኑ ሰኔ 12 እና 13 ነው። ሮስተር የማስረክበው ሰኔ 13 ጠዋት ነው።